«ሲኒማ ራስ ወራጅ አለ!»

«ሲኒማ ራስ ወራጅ አለ!» አለች ከኋላ ወንበር የተቀመጠች፣ ዕድሜዋ ሃያ ያልሞላ ልጅ። ረዳቱም ቢሆን ከእሷ ብዙ አይበልጥም። በሩን ገፋ አደረገ፤ ልጅቷ መርካቶ ነውና ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ወረደች፤ ሚኒባሱ ቀጠለ። ከሹፌሩ ጀርባ የተቀመጡት አዛውንት ብቻቸውን ፈገግ አሉ። ቤቱ ከሲኒማነት ወደ ቴአትር ቤትነት የዞረው በደርግ ዘመን ነው። ስሙም «ራስ ቴአትር» ነው። ልጅቷና ረዳቱ ሲወለዱ ይህ ስም ከወጣ ብዙ ዓመት አልፎት ነበር። መንደሩ ግን ዛሬም ሲኒማ ራስ ነው፤ ባለ ታክሲውም፣ ተሸካሚውም፣ ቀጠሮ የሚሰጠውም «ሲኒማ ራስ ጋ» ነው የሚለው።

አዛውንቱ የራጉኤል ልጅ ናቸው። የራጉኤል ደወልና የአንዋር መስጊድ አዛን በሚቀባበሉበት ሰፈር ተወልደው፣ እዚያው ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው፣ ሱቁን ለትልቁ ልጃቸው አስረክበው አሁን ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ብዙ የሚያወሩ ሰው አይደሉም። ፖለቲካ ሲነሳ ቡናቸውን ያማስላሉ፤ ኳስ ሲነሳ ይነሳሉ። ሲኒማ ራስ ከተነሳ ግን ሌላ ሰው ናቸው።

በእሳቸው ልጅነት፣ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ፣ አንድ የመርካቶ ልጅ ሲኒማ ለመግባት ሁለት ነገር ያስፈልገው ነበር፦ ሳንቲምና ምክንያት። ሳንቲሙ በመላላክ ይገኛል፤ የአንዷን ዘንቢል ከአዳራሽ እስከ ጎጃም በረንዳ መሸከም፣ ለአንዱ ባለ ሱቅ ሻይ ማመላለስ። ምክንያቱ ነው የሚከብደው፤ እናት እሑድን ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለሲኒማ አትሰጥም። ከአምስት ጓደኛ የአንዱ ብቻ ሳንቲም የሞላ እንደሆነ እሱ ይገባል፣ አራቱ ውጭ ይጠብቃሉ። የገባው ሲወጣ ፊልሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ መተረክ ግዴታው ነው። ተኩሱን በአፉ፣ የፈረሱን ኮቴ ጭኑን እየመታ፣ ሙዚቃውን በአፍንጫው። ጎበዝ ተራኪ የሆነ ልጅ ቀስ በቀስ ከራሱ ኪስ ማውጣት ይተዋል፤ ሌሎቹ አዋጥተው ያስገቡታል። «እኔ ፊልም ያየሁት በሰው ገንዘብ ነው» ይላሉ አዛውንቱ። ሲሉት ኩራት እንጂ ሐፍረት የለበትም።

ውስጥ ከተገባ በኋላ ዝምታ የሚባል ነገር የለም። አክተሩ እንደማይሞት ሁሉም ያውቃል፤ ይህ ሕግ ነው፤ ቢሆንም በጩኸት ካልተነገረው የሚሞት ይመስል ሁሉም ይነግረዋል። «ከኋላህ! ከኋላህ!» ፊልሙ የህንድ ከሆነ ደግሞ ሒንዲ የማያውቅ ወጣት ሁሉ ዘፈኑን ከነዜማው አብሮ ይዘፍናል፤ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲሸከም የዋለ ጎልማሳ ለእናትና ልጅ መለያየት በግልጽ ያለቅሳል። ውጭ ሲወጣ እንባውን ጠርጎ ከደላላ ጋር ይጣላል።

የመጨረሻ ልጃቸው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ትማራለች። አንድ ምሽት ለፈተና የአውሮፓን የቴአትር ታሪክ ስታጠና የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ላይ ደረሰች፤ ከ1837 እስከ 1901 እ.አ.አ. ያለው ማለት ነው። የምታነበው ነገር ስላሳቃት «አባዬ፣ ይቺን ስማ» አለችና እየተረጎመች አነበበችላቸው።

ቦታው ለንደን ነው፤ ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ፣ ላምቤዝ የሚባል ሰፈር። እዚያ ኒው ከት የሚባል መንገድ አለ፤ መንገዱ ገበያ ነው። ቅዳሜ ማታ ሠራተኛው የሳምንቱን ደሞዝ ይዞ ሲመጣ ከዳር እስከ ዳር በጋሪና በመብራት ይሞላል፤ ጎመኑም፣ ዓሣውም፣ አሮጌ ጫማውም በጩኸት ይሸጣል። ከዚህ ገበያ ጥግ አንድ ቴአትር ቤት ቆሟል። በ1818 ሲከፈት ሮያል ኮበርግ ይባል ነበር፤ በ1833፣ ቪክቶሪያ ገና ልዕልት ሳለች፣ በስሟ ሮያል ቪክቶሪያ ተባለ። የሰፈሩ ሰው ለንጉሣዊ ስም ጊዜ አልነበረውም። «ቪክ» ብሎ ቆረጠው።

ከጣሪያው ሥር፣ ከሁሉም መቀመጫ በላይ፣ ጋለሪ የሚባል ሰገነት አለ። መግቢያው ሦስት ፔንስ ነው። የሚሞሉት በጋሪ አትክልትና ዓሣ እያዞሩ የሚሸጡ የገበያው ልጆች ናቸው። ጥሩ ቴአትር ያለ ቀን በሩ ከመከፈቱ ብዙ ቀደም ብለው ደረጃው ላይ ተጣብቀው ይቆማሉ፤ ሲከፈት እንደ ጎርፍ ይገባሉ። ሰገነቱ እስከ ሁለት ሺህ ሰው ይይዛል። ሙቀቱ ስለማይቻል ወንዶቹ ኮታቸውን አውልቀው በሸሚዝ ይቀመጣሉ፤ የሴቶቹ ባርኔጣ የብረቱ መከለያ ላይ ይንጠለጠላል። የአሳማ እግር ቅቅልና ቢራ የሚሸጡ ሰዎች በሰው ጭንቅላት ላይ እየተራመዱ ያልፋሉ ማለት ይቻላል። መጋረጃው ከዘገየ ይሰደባል። ሙዚቀኛው የሚወዱትን ካልመታ ይሰደባል። አዝማች ያለው ዘፈን ሲመጣ ሰገነቱ በሙሉ ተቀብሎ ይዘፍናል፤ ከወደዱት «ይደገም!» ብለው እስኪደገም ድረስ ጨዋታውን ያቆሙታል።

አዛውንቱ የቡናውን ሲኒ አስቀመጡ። «ውሸትሽን ነው» አሉ። «ይሄ እንግሊዝ አገር አይደለም። ሲኒማ ራስ ነው።»

«መጽሐፉ ነው ያለው፣ አባዬ።»

«ማነው የጻፈው? አብሮ ተቀምጦ ነበር?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን የዚህ ሁሉ ነገር ቁልፍ እሱ ነው። ጸሐፊው ሄንሪ ሜይሂው የሚባል ጋዜጠኛ ነው። በ1849 እና በ1850 የለንደንን ድሆች እያነጋገረ ለጋዜጣ ሲጽፍ ቆይቶ፣ ከ1851 ጀምሮ በመጽሐፍ አወጣው። ደረጃውን ወጥቶ ሰገነቱን ያየ ሰው ነው። ከዚያም በላይ አንድ በጊዜው ብርቅ የነበረ ሥራ ሠራ፦ ጎመን ሻጩን ጠየቀው። ምን ትወዳለህ? ምን ይሰለችሃል? ሼክስፒርን አይተሃል? መልሱንም እንዳለ ጻፈው።

መልሱ የቴአትር መምህራንን ያስደነግጣል። የገበያው ሰው ማክቤዝን ይወዳል፤ ጠንቋዮቹና ውጊያው ብቻ ቢቀሩ ደግሞ ይበልጥ ይወደው ነበር። ሐምሌትም መንፈሱ የሚታይበት፣ ቀብሩና መጨረሻ ላይ ያለው መተራረድ ይበቃዋል። ረጅም ንግግር አይፈልግም፤ ሲረዝም ያፏጫል። ልጅቷ ይህን ስታነብ ትንሽ አፈረች፤ የእሷ ትምህርት የተሠራው በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ነው፤ ሐምሌትም፣ ማክቤዝም፣ ኦቴሎም በአማርኛ የገቡት በዚያ ከባድ ቋንቋ ነው። አባቷ ግን በሳቅ ፈረሱ። «ጎመን ሻጩ ልክ ነው» አሉ። «ሰው ሲናገር ለመስማትማ እኔም ሱቅ እውላለሁ።»

እዚህ ላይ ከመንገድ ወጣ ማለት ያስፈልጋል፤ መጽሐፉ ውስጥ ልጅቷን ያስቆማት ሌላ ነገር ነበርና። ሜይሂው ካነጋገራቸው የጎዳና ተጫዋቾች መካከል «የኢትዮጵያ ዘፋኞች» የሚባሉ አሉ። ኢትዮጵያን ያዩ አልነበሩም። ነጮች ናቸው፤ የተቃጠለ ቡሽ ፊታቸው ላይ ለቅልቀው፣ ባንጆ ይዘው፣ የአሜሪካን ባሪያዎች እንመስላለን እያሉ የሚዘፍኑ እንግሊዛውያን። ፋሽኑ የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ በ1846 «ኢትዮጵያን ሰረናደርስ» የሚባል ቡድን ለንደን ከተማ መጥቶ ትልልቆቹን አዳራሾች ካስጨበጨበ በኋላ የጎዳናው ለማኝ ሁሉ ፊቱን ማጥቆር ጀመረ። አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ያንን ደብዳቤ የጻፉት በ1862 እ.አ.አ. ነው። መልስ ሲጠብቁ፣ ሲናደዱ፣ መጨረሻው መቅደላ ሲሆን፣ በንግሥቲቱ ከተማ ጎዳና «ኢትዮጵያዊ» ማለት ፊቱን በቡሽ ያጠቆረ ዘፋኝ ማለት ነበር። አዛውንቱ ይህን ሰምተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እና ደብዳቤውን ማን በቁም ነገር ያነብልናል?» ብለው ወደ ሰገነቱ እንድትመለስ ነገሯት።

ችግሩ ሰገነቱ ነው። ለንደን ስለ ራሷ ሰገነት የሚነግራት ሰው አገኘች። የእኛን ማን ጻፈው?

የኢትዮጵያን ቴአትር ታሪክ የሚያስተምሩ መጻሕፍት የሚጀምሩት ከአንድ ቦታ ነው፤ ልክ ናቸውም። ሩሲያ የተማረው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በከተማው ለጨዋታ ተብሎ የሚቀርበው ዘፈንና ጭፈራ ብቻ መሆኑ ስላላረካው፣ በ1913 ዓ.ም. ግድም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፈ። ተረቱ የእንስሳ ነው፤ ነገሩ ግን የቤተ መንግሥቱ አሠራር ነበር። በቴራስ ሆቴል በመኳንንቱ ፊት ታየ። እንስሶቹ እነማን እንደሆኑ የገባቸው ነበሩ፤ ዘውዲቱም ዘንድ ደረሰ፤ ታገደ። ከዚያ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ፣ እስከ 1923 ዓ.ም.፣ መድረክ ዝም አለ። ቀጥሎ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ከነተማሪዎቻቸው ይመጣሉ። ቀጥሎ በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር። ቀጥሎ በ1948 ዓ.ም. ጣልያን ለሲኒማ የጀመረው ሕንፃ ተጨርሶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆኖ በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ይከፈታል። ቀጥሎ ጸጋዬ፣ መንግሥቱ ለማ፣ ተስፋዬ ገሠሠ፤ ቀጥሎ አብዮቱ።

ሁሉም እውነት ነው። ግን ታሪኩን በሙሉ ከመድረክ ወደ ውጭ የሚያይ ሰው ነው የሚተርከው። ማን ጻፈ፣ ማን ተወነ፣ ማን አገደ፣ ማን መረቀ። ወንበሩ ላይ የነበረው ሰው አንድ ቃል ብቻ ተሰጥቶታል፤ «ተመልካች»። ተመልካቹ «በአድናቆት አጨበጨበ» ይባልና ያልፋል። የት ሰፈር ሰው ነው? በምን ብር ገባ? የቱ ቦታ ላይ ሳቀ? ደራሲው አልቅሱ ባለበት ቦታ የሳቀ የለም? መርካቶ ካለ ቴአትር ቤት ይልቅ ቤተ መንግሥት ያየው ቴአትር በዝርዝር ይታወቃል።

ሕዝቡ ያለ ጋዜጠኛ የቀረ ቢሆንም ዝም ብሎ አልቀረም፤ ስም አውጥቷል። አዲስ አበባ የመጀመሪያዋን ሲኒማ ቤት ስታይ «ሰይጣን ቤት» ብላ ጠራችው። በሁለት ቃል የቀረበ የፊልም ሂስ ነው፤ ፍርሃቱም፣ መገረሙም፣ ምናልባት ቀልዱም አለበት። «ሲኒማ ራስ» ም እንደዚያው ነው። መንግሥት ቤቱን ቴአትር ቤት ሲያደርገው ሰፈሩ አልተቃወመም፤ ገባ፣ አየ፣ አጨበጨበ። ስሙን ግን አልለቀቀም።

መጮኹም ቢሆን ከሲኒማ የመጣ አይደለም። የመጣው ከአዝማሪ ቤት ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲቆም ታዳሚው እንግዳ አይደለም፤ «ተቀበል!» ይልና ግጥሙን ራሱ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ወንበር ላይ ያለውም ደራሲ ነው፤ ሳንቲሙን ግንባሩ ላይ የሚለጥፍለትም እሱ፣ ወሬውን የሚያቀብለውም እሱ። እንደዚህ ያለ ባህል ያለውን ሰው አምጥቶ በጨለማ አዳራሽ አስቀምጦ «አሁን ዝም ብለህ ስማ፣ ሲያልቅ ታጨበጭባለህ» ማለት ትልቅ ጥያቄ ነው። ፒያሳና ለገሀር ያለው ተመልካች ይህን ሥርዓት ቶሎ ተማረ። መርካቶ ለመማር አልቸኮለችም።

በደርግ ዘመን አዛውንቱ ሃያዎቹን የያዙ ወጣት ነበሩ። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ማታ የለም፤ መዝናናት ሁሉ በቀን ነው። በየቀበሌው ኪነት ተቋቁሟል፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ ወይ ይዘፍናል፣ ወይ ይጨፍራል፣ ወይ ጡሩምባ ይነፋል። መድረክ ላይ ርዕዮተ ዓለም ይበዛ ነበር። ጨቋኙ በሆዱ ይታወቃል፤ ተጨቋኙ በእጀ ጠባቡ። መርካቶ ውስጥ ይህ ዓይነቱ ቴአትር ሲቀርብ የሚገርም ነገር ይሆን ነበር ይላሉ፤ ነጋዴውን በዝባዥ አድርጎ የሚያሳየውን ጨዋታ ነጋዴው ራሱ ከፍሎ ገብቶ፣ ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ነበር። «እንዴት እንደሚሰፍር ሲያሳዩ አላወቁበትም» ይላሉ። «ጨርቅ የሚለካ ሰው ክንዱን እንደዚያ አይዘረጋም። እዚያው ተቀምጠን አረምናቸው።» ድምፅ አውጥተው ነው ያረሙት። በማግሥቱ ተዋናዩ ክንዱን አስተካክሎ መጣ።

እንግዲህ ይህን የሚነግረን የትኛው መጽሐፍ ነው? የመርካቶ ሰው ተዋናይን ክንድ መዘርጋት አስተምሯል። በመድረክ ታሪክ ውስጥ ቢገባ ከአንድ አንቀጽ በላይ አይወስድም፤ ግን ተመልካቹ «በአድናቆት አጨበጨበ» ከሚለው መቶ ጊዜ ይበልጣል።

የቪክን ታሪክ ልጅቷ እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። ሰገነቱ ደስታ ብቻ አልነበረም፤ በ1858 የገና ሰሞን እሳት ተነሳ የሚል የሐሰት ጩኸት ተሰምቶ በደረጃው ላይ በተፈጠረ መረጋገጥ 16 ሰው ሞቷል። መጠጡም ጠቡም ብዙ ነበር። በ1880 ኤማ ኮንስ የምትባል ሴት ቤቱን ይዛ አልኮልን አስወጣች፤ በቡና ተካችው፤ ጨዋ ጨዋታ፣ ኮንሰርት፣ በአንድ ፔኒ የሚሰማ የሳይንስ ትምህርት አስገባች። ሰፈሩን ማነጽ ነበር ሐሳቧ። ከእሷ በኋላ በ1912 የእህቷ ልጅ ሊሊያን ቤይሊስ ተረከበችው፤ ከ1914 ጀምሮ ሼክስፒር በተከታታይ የሚታይበት ቤት ሆነ። ዛሬ ኦልድ ቪክ ይባላል፤ ከዓለም ታዋቂ ቴአትር ቤቶች አንዱ ነው።

«እያዝናና የሚያስተምር» የምትለዋን ሐረግ የማያውቅ የኢትዮጵያ ቴአትር ተመልካች የለም። ቴአትሩ ሲከፈት ትባላለች፣ በፖስተር ትጻፋለች፣ በሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ሳትነሳ አትቀርም። ኤማ ኮንስም የምትለው እሷኑ ነው። መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ግን ሐረጓ ውስጥ ማን ተማሪ ማን መምህር እንደሆነ አስቀድሞ ተወስኗል፤ ሳቁ ክኒኑ የሚዋጥበት ውኃ ነው። ኮንስን ከብዙዎቻችን የሚለያት አንድ ነገር ቢኖር ሰፈሩን አርማለሁ ስትል ሰፈሩን አላባረረችም፤ ርካሹን መቀመጫ አቆየችው። ጎመን ሻጩ ሼክስፒር ሲመጣም የሚገባበት ሳንቲም ነበረው። ጠንቋዮቹንና ውጊያውን ብቻ ነው የምፈልገው ያለው ሰው የልጅ ልጅ፣ ሙሉውን ሐምሌት ለማየት እዚያው ደረጃ ላይ ተሰልፎ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ልብ በሉ፣ እንግሊዝም ብትሆን ያለ ሳንሱር አልኖረችም። ማንኛውም አዲስ ቴአትር ከመታየቱ በፊት ሎርድ ቼምበርሌይን በሚባለው የቤተ መንግሥት ሹም ቢሮ መነበብ ነበረበት፤ ሕጉ የ1737 ነው፣ በ1843 ታደሰ፣ የተሻረው በ1968 ነው። የሹሙ ሰዎች ጽሑፉን መቁረጥ ይችሉ ነበር። ሰገነቱ መቼ እንደሚስቅ ግን መቁረጥ አይችሉም። ምንም ያላለ ቃል ላይ ሁለት ሺህ ሰው አንድ ላይ ከሳቀ ቃሉ ትርጉም አገኘ ማለት ነው። የ«ፋቡላ» አደጋም ይኸው ነበር፤ ቀበሮና አንበሳ ማንንም አልሰደቡም፤ የተቀመጠው ሰው ነው የገባው።

መርካቶ እየተቀየረች ነው። የቆርቆሮ ሱቁ ፈርሶ በአክሲዮን የተሠራ ባለ ብዙ ፎቅ የገበያ ማዕከል ይተካል፤ የአንድ ካሬ ሜትር ዋጋ ሰምቶ የማይደነግጥ የለም፤ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ሱቅ ነው። ተሸካሚው በእረፍት ሰዓቱ ጋሪው ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ያያል። ቲክቶክ ላይ ይስቃል፤ ለብቻው ነው የሚስቀው፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ በሌላ ነገር ለብቻው ይስቃል። ይህን እንደ ጥፋት ማውራት ቀላል ነው፣ ፍትሐዊ ግን አይደለም፤ ልጁ በነፃ የሚያየውን ነገር ትቶ ለምን ይከፍላል? ሆኖም ከሁለት ሺህ ሰው ጋር አንድ ላይ መሳቅ ምን እንደሚመስል የሚያውቁ ሰዎች መርካቶ ውስጥ አሁንም አሉ፤ ሱቃቸውን ለልጆቻቸው አስረክበው ራጉኤል ቅጥር ግቢ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸው ከአዛውንቱ ጋር ነው።

ልጅቷ መቸኮል የጀመረችው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ከተቃጠለ በኋላ ነው። የዚያን ሌሊት አባቷ በረንዳ ላይ ቆመው ሰማዩን ሲያዩ አደሩ። በማግሥቱ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዕቃው ነው፤ ልክም ነው፣ የብዙ ቤት እንጀራ ነው የነደደው። እሷ ግን አባቷን ስታይ ሌላ ነገር አሰበች፤ መርካቶ ውስጥ ማንኛውም ነገር በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። የመመረቂያ ጽሑፏን በአንድ ታዋቂ ጸሐፌ ተውኔት ላይ ልትሠራ አስባ ነበር። ትታው በሲኒማ ራስ ተመልካች ላይ ለመሥራት ጠየቀች። «ምንጭሽ ምንድነው?» ተባለች። «አባቴ» ማለት አልደፈረችም። «የቃል መረጃ» አለች።

እናም ባለፈው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡናው ከተፈላ በኋላ፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መቅጃውን ከፈተች። ወረቀት ላይ ጥያቄዎች አዘጋጅታለች፤ በተራ ቁጥር።

«አንደኛ፤ ራስ ቴአትር መጀመሪያ ያየኸው ቴአትር ማን ነው የጻፈው?»

«እሱን ተይው» አሉ አዛውንቱ። «አጠገቤ ማን ተቀምጦ እንደነበር ልንገርሽ።»

ብዕሯን አስቀመጠች።

«ተሸካሚ ነው። ገመዱን ከትከሻው አላወረደም፤ ይሰረቅብኛል ብሎ ነው። ከሥራ በቀጥታ የመጣ ነው፤ ላቡ ይሸታል፤ ከፊታችን ያለችው ሴትዮ ሁለት ጊዜ ዞራ አይታዋለች። ጨዋታው ተጀመረ። አንድ ቤት ውስጥ አባትዬው ተቀምጧል፤ ወንድሙ ከኋላው ቢላ ይዞ ይገባል። ማንም ቃል አልተነፈሰም፤ አዳራሹ ጭጭ አለ። ይሄ ተሸካሚ ብድግ አለ፤ ገመዱ ወረደበት፤ እጁን ዘርግቶ ‹አባቴ፣ ከኋላህ ነው! ዞር በል!› አለ።»

«ሰው ሳቀበት?»

«ሊስቁ ነበር። አልሳቁም።»

«ለምን?»

«ተዋናዩ ዞረ።»

«አባዬ፣ ድርሰቱ ውስጥ እኮ መዞር የለበትም። መሞት ነበረበት።»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ፤ ሲኒያቸውን ለሁለተኛው ዙር እየገፉላት። «ዞረ፤ አየው፤ ቢላው የያዘው ልጅ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ትንሽ ቆመ። ከዚያ ቢላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ተሸካሚውም ተቀመጠ። ገመዱን ከመሬት አንስቶ እንደገና ትከሻው ላይ አደረገ።»